በግ በግ ነው፤ ግን ከየት ቆመው ሲያዩት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጻፉት የመሐል ሜዳ አባት ናቸው። «ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። የባዮሎጂ ፈተና ደርሶባት አቶም፣ ሞለኪውል፣ ህዋስ፣ ህብረ ህዋስ፣ የአካል ክፍል እያለች እስከ ባዮስፌር ድረስ እንደ ዳዊት ትደግማለች። ትርጉሙን ስጠይቃት ግን ዝም ትላለች። እኔ በግ አርቢ ነኝ፤ ለእኔ በግ በግ ነው። እንዲህ እየቆራረሱ መደርደሩ ምን ይጠቅማል? ደግሞስ ሕይወት የሚጀምረው ከየትኛው ላይ ነው? አቶሙ ሕይወት ከሌለው፣ ሕይወት የሌለው ነገር ተደራርቦ እንዴት ሕይወት ይሆናል?»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ከልጅዎ ይልቅ እኛን አስተማሪዎቹን የሚመለከት ነው። ይህን ትምህርት ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ በዚያው በእርስዎ አገር፣ በመንዝ ደጋ፣ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ነበርኩ። ልጅዎ ዝም ያለችው ሰንፋ አይመስለኝም። ዝርዝሩን የምናስተምረው እንደ መሰላል አድርገን ነው፤ አንዱን ረግጠሽ ወደሚቀጥለው ውጪ እንደማለት። መሰላል ደግሞ ይሸመደዳል እንጂ አይጠየቅም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሸምድጄው ነበር። የገባኝ ግን ኋላ፣ በአንዲት በግ ምክንያት ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል ትቼ በእሷ በኩል ልሂድ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እማማ እናት በጋቸውን በገመድ እየሳቡ አመጡልኝ። «ልጄ፣ ጠዋት ከበረት ስትወጣ ደህና ናት። ማታ ከግጦሽ ስትመለስ ከመንጋጋዋ ሥር ተንጠልጥሎ ይመጣል» አሉኝ። ዳበስኩት። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፤ በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። የዓይኗን ሽፋን ገለበጥ አድርጌ ሳየው ቀይ መሆን የነበረበት ነጥቷል። ጸጉሯን ሳብ ባደርገው እፍኝ ሙሉ በእጄ ቀረ። የጉበት ትል ነው ብዬ አልቤንዳዞል ሰጠኋትና «ትድናለች» ብዬ ሸኘኋቸው። እብጠቱ ጎደለ። ሦስት ወር ገደማ ቆይተው ግን እማማ ተመልሰው መጡ፤ በጊቱ እንደገና አብጣለች፣ ሌሎች ሁለት በጎችም አብረዋት አብጠዋል። መድኃኒቱ የሐሰት አልነበረም፣ ምርመራዬም አልተሳሳተም። ያየሁት ግን አንዱን ደረጃ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን አላየኋቸውም።

እስቲ እብጠቱን ይዘን ወደ ታች እንውረድ። ከመንጋጋዋ ሥር የተጠራቀመው ውሃ ነው። ውሃው የመጣው ከደም ነው። ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲሄድ ውሃው በሥሮቹ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ሊወጣ ይገፋል፤ የሚይዘውና መልሶ የሚስበው በደሙ ውስጥ የሟሟ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጨው እርጥበት ሲስብ አይተው የለ? እንደዚያ ያለ ሥራ ነው። አልቡሚን አንድ ሞለኪውል ነው፤ ከ580 በላይ አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው፣ ከዚያ ተጠቅልለው የተሠራ። የሚያመርቱት የጉበት ህዋሳት ናቸው። የጉበት ትሉ ደግሞ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ፣ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በሐሞት ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ደም የሚመጥ ፍጡር ነው። ከመቀመጡ በፊት ገና ልጅ ሳለ የጉበቱን ሥጋ እየበሳ ሳምንታት ይጓዛል። እንግዲህ ደሙ ሲፈስ አልቡሚኑም አብሮ ይፈሳል፤ የተጎዳው ጉበትም የጎደለውን ፈጥኖ መተካት ያቅተዋል። አልቡሚን ሲያንስ ውሃውን የሚይዘው ጠፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለልጅዎ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነውና። የአልቡሚኑ እጥረት በበጊቱ ሰውነት ሁሉ ያለ ነው፤ ደሟ የማይደርስበት ቦታ የለም። ታዲያ እብጠቱ ለምን ከመንጋጋ ሥር ሆነ? ለምንስ ማታ ጨምሮ ጠዋት ጎደለ? በግ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስለምትግጥ ነው። ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ሌሊት አንገቷን ቀና አድርጋ ስትተኛ ደግሞ ይመለሳል። ይህን ከአልቡሚን ሞለኪውል ተነስቶ ሊያውቅ የሚችል ሰው የለም፤ የበጊቱን አኗኗር ማየት ግድ ነው። በሌላ በኩል አኗኗሯን ብቻ ያየ ሰው ውሃው ለምን ከሥሩ እንደወጣ አያውቅም። የእብጠቱ ምክንያት ከታችኛው ደረጃ ነው፤ ቦታውንና ሰዓቱን የወሰነው ግን የላይኛው ደረጃ ነው። ደረጃዎቹን የምንለያቸው በጉን ለመቆራረስ አይደለም። እያንዳንዱ ደረጃ ከሌላው ደረጃ የማይገኝ መልስ ስላለው ነው።

(ከመንጋጋ ሥር የሚያሳብጥ ሁሉ የጉበት ትል እንዳልሆነ ግን ልብ ይበሉ። ደም የሚመጥ የጨጓራ ትልም እንዲሁ ያደርጋል። ሳያስመረምሩ መድኃኒት አይስጡ።)

አሁን የነጣውን ዓይን ይዘን ደግሞ እንውረድ፤ እስከ አቶም። የደም ቅላት ከሄሞግሎቢን ነው፤ በእያንዳንዱ የሄሞግሎቢን ሞለኪውል ውስጥ አራት የብረት አቶሞች አሉ። ይህ ብረት ከእርስዎ ማረሻ ብረት ጋር አንድ ነው፤ አቶሙን ከአቶሙ ለይቶ የሚያውቅ ማንም የለም። ማረሻዎን ዝናብ ላይ ቢተዉት ግን ብረቱ ኦክስጅንን ይይዝና ይዝጋል፤ አንዴ ከያዘ በራሱ አይለቅም። በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ሳንባ ላይ ኦክስጅን ይይዛል፣ ጡንቻ ጋ ሲደርስ ይለቃል፣ ተመልሶ ደግሞ ይይዛል። አቶሙ አልተለወጠም። የተለወጠው ዙሪያው ነው፤ ፕሮቲኑ እንደ እጅ ጭብጥ አቅፎ ይዞት እንዳይዝግ ይጠብቀዋል። ይዞ መልቀቅ የብረቱ ብቻ ወይም የፕሮቲኑ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የሁለቱ መገጣጠም ያመጣው አዲስ ጠባይ ነው። መጽሐፉ «ከደረጃ ወደ ደረጃ አዲስ ባሕርይ ይከሰታል» የሚለው ይህንን ነው፤ ምሳሌ ስለማይሰጥበት ግን ዓረፍተ ነገሩ እንዲሁ ያልፋል። በሰው አንድ ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ 270 ሚሊዮን ገደማ ሄሞግሎቢን አለ። የበግ ህዋስ ከሰው ያነሰ ነው፤ 200 ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞሉም። በእርስዎ አገር ከፍታ፣ 3,000 ሜትር ላይ፣ አየሩ ሳስቶ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። በዚህ አየር ለምትኖር በግ ደም ማነስ ለቆላ በግ ከሚሆነው ይልቅ ይከብዳል። እማማ «ዳገቱን ስትወጣ ትቆማለች» ያሉኝም ለዚህ ነበር።

ሕይወት ከየትኛው ደረጃ ላይ ይጀምራል ላሉት፣ መልሱ ከህዋስ ነው። ግን «ከህዋስ» ብሎ ማለፍ ያው መሸምደድ ስለሚሆን ጥያቄዎን እንደጠየቁት ልውሰደው፤ ሕይወት የሌለው ተደራርቦ እንዴት ሕይወት ይሆናል? አንድ የጉበት ህዋስ ወስደን ደህና አድርገን ብንፈጨውና በብርጭቆ ብናስቀምጠው፣ በውስጡ ከነበሩት አቶሞች አንድም አልጎደለም፤ አብዛኛዎቹ ሞለኪውሎችም እንዳሉ ናቸው። ሕይወት ግን የለም። የጠፋው አደራደሩ ነው። የጓሳ ሣር ክዳን ያስቡ። አንድ የጓሳ ሣር ዝናብ አያስጥልም። ሸክም ሙሉ ሣር ጣሪያ ላይ ዘርግፈው ቢተዉትም ቤቱ ያፈሳል። ያው ሣር ጫፉ ወደ ታች ተደርጎ፣ ላይኛው ታችኛውን እየሸፈነ ሲከደን ግን ዓመታት ያሳልፋል። ዝናብ ማስጣል የሣሩ ጠባይ ነው ቢባል ስህተት ነው፤ የአከዳደኑ ነው። ሕይወትም ከሞለኪውሎቹ ውስጥ ተደብቃ የነበረች ነገር አይደለችም፤ ሞለኪውሎቹ በአንድ ዓይነት አደራደር ሲያያዙ የሚሠሩት ሥራ ናት።

ክዳኑ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ራሱን አይጠግንም። ህዋስ ይጠግናል። ምግብ ያስገባል፣ ቆሻሻ ያስወጣል፣ ከምግቡ ጉልበት ያወጣል፣ የተበላሸውን ክፍሉን ይተካል፣ የዘር መመሪያውን ገልብጦ ለሁለት ይከፈላል። ከህዋስ በታች ያለ ነገር ይህን ሁሉ ብቻውን አይሠራም። ለምሳሌ ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የህዋስ ክፍል ጉልበት ያወጣል፤ ከህዋሱ ሲለይ ግን ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይቆማል። ቫይረስም መመሪያ አለው፤ የሌላ ፍጡር ህዋስ ውስጥ ካልገባ ግን አይባዛም። ሳይንቲስቶች ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ቁራጭ በአጉሊ መነጽር አይቶ ባዶ ክፍሎቹን «ሴል» ብሎ ሰየማቸው፤ እኛ ህዋስ የምንለው ነው። ሽላይደንና ሽቫን የሚባሉ ጀርመኖች ዕፅዋትም እንስሳትም ከህዋስ የተሠሩ ናቸው ያሉት በ1838 እና በ1839 ነው፤ ህዋስ ከህዋስ ብቻ ይወለዳል የሚለው ሐሳብ የጸናው ደግሞ በ1850ዎቹ ነው። ከሁክ እስከዚያ ወደ 200 ዓመት ነው። ልጅዎ በአንድ ሳምንት ባይገባት አይደንቅም።

ለልጅዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፤ ሁሉም ፍጡር መሰላሉን እስከ ላይ አይወጣም። ባለቤትዎ ጠላ ሲጠምቁ የሚያፈላው እርሾ አንድ ህዋስ ብቻ ነው። ህብረ ህዋስ የለው፣ ጉበት የለው፣ ሆድ የለው፤ ያ አንድ ህዋስ ሙሉው ፍጡር ነው። በእሱ ዘንድ «ህዋስ» እና «ዘአካል» የሚባሉት ሁለት ደረጃዎች አንድ ናቸው። ፈተና ላይ «ማንኛውም ዘአካል ከአካል ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ሲባል ብዙ ጎበዝ ተማሪ እውነት እያለ የሚሳሳተው ይህን ስለሚረሳ ነው።

ስለ ህብረ ህዋስ፣ ስለ አካል ክፍልና ስለ ሥርዓተ አካል ብዙ አልልም፤ በግ ላረደ ሰው እንግዳ አይደሉምና። ጉበት የአካል ክፍል ነው፤ በውስጡ የጉበት ህዋሳቱ ህብረ ህዋስ፣ የደም ሥሮቹ ግድግዳና የሐሞት ቱቦው ሽፋን አሉ። ጉበቱ ደግሞ ከጨጓራና ከአንጀት ጋር ሆኖ የምግብ ልመት ሥርዓትን ያግዛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ስለ ጨጓራው። በግ ሣር ትበላለች እንላለን እንጂ የሣሩን ጠንካራ ክፍል ሴሉሎስን የሚያፈርስ ነገር የበግ ሰውነት አያመርትም። የሚያፈርሱት በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው፤ ከጨጓራዋ በተቀዳ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን የሚበልጡ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። የሚበላላ አለ፣ የሚረዳዳ አለ፣ የአንዱን ትራፊ ሌላው ይለቅማል። ከውጭ ሲያዩት የአካል ክፍል የሆነው ነገር ከውስጥ ሲያዩት ሙሉ ሥርዓተ ምህዳር፣ ማለትም ብዙ ፍጥረታት ከነአካባቢያቸው አንድ ላይ የተያያዙበት ደረጃ፣ ነው። እንግዲህ ትልቁ ደረጃ ከትንሹ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ ማለት አይደለም ወይ? እኔ ይህን ትምህርት በወደድኩ ቁጥር መሰላል የሚለውን ቃል የጠላሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከአንዲቷ በግ ወደ ላይ እንውጣ። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ጸጉሯ ለባናና ለበርኖስ የሚሆን፣ ብርድ የምትችል፣ ላቷ ስቡን የምትይዝ። አርቢ እንደመሆንዎ ይህን ያውቁታል፤ ፈጥኖ የሚያድግ ወጠጤ ሲገኝ ማን ይገዛዋል? ነጋዴው፤ በዓል ሲደርስ የሚሸጠው ቀድሞ ያደገው ነው። የቀረው ቀጫጫ አውራ ሆኖ በጎቹን ያስረግዛል። ይህ ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ምን ይሆናል? አንድም በግ በዕድሜው አላነሰም። የበጎቹ መንጋ ግን በትውልድ ያንሳል። ማነስ የመጣው በአንድም በግ ላይ ሳይሆን በመንጋው የዘር ድርሻ ላይ ነው። ይህ በሥጋ ቢፈለግ፣ በጉበት ቢፈለግ፣ በህዋስ ቢፈለግ አይገኝም፤ የፖፑሌሽን ደረጃ ጉዳይ ነው፤ ፖፑሌሽን ማለት በአንድ አካባቢ አብረው የሚኖሩና የሚራቡ የአንድ ዝርያ አባላት ናቸው። በመንዝ አርቢዎች ተሰባስበው ምርጥ አውራ በጎችን ሳይሸጡ በጋራ ለርቢ የሚያቆዩበት የማኅበረሰብ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲሠራ የቆየው ይህን ለመገልበጥ ነው። የወሊድ መጠን፣ የሞት መጠን፣ የወንድና የሴት ተዋጽኦ የሚባሉት ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ «የዚህች በግ የሞት መጠን ስንት ነው?» ተብሎ አይጠየቅም።

ከዚያ በላይ ያለውን ለማየት ከመሐል ሜዳ ሩቅ መሄድ የለብዎትም፤ ጓሳ አጠገብዎ ነው። እዚያ ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ሣሩ ውስጥ አይጥ አለ። ዝርያዎቹ አንድ ቦታ ሲኖሩ እርስ በርስ የሚነካኩበት ደረጃ ማኅበረሰብ ይባላል። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ቀይ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል መብላት የሚያቅታት አውሬ አይደለችም። ሆኖም በጭላዳዎቹ መሐል ቀስ ብላ ስትሄድ ይታያል፤ እነሱም አይሸሹም፣ እሷም አትነካቸውም። ለምን? እዚያው ጓሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀበሮዎች አይጥ ሲያድኑ ተከታትሎ፣ በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆነው ካደረጉት ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ የተሳካው 25 በመቶው ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ጭላዳው ሲግጥ አይጡን ከጉድጓዱ ያስወጣው ወይም ቀበሮዋን ይሸፍናት ይሆናል። ለእኔ የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው፤ ቀበሮ አሥር ዓመት በአጥር ውስጥ ብትጠና ይህን ጠባይዋን አታሳይም። ጥርሷ፣ እግሯ፣ አንጎሏ ሁሉ ያው ናቸው። ጠባዩ የሚኖረው በሁለቱ ዝርያዎች መሐል ነው። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቀበሮ ጤነኛ ብትሆን እንኳ ቁጥራቸው ትንሽ መሆኑ ብቻውን አደጋ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባባቸው ደግሞ ይብሳል። ይህም የፖፑሌሽን ደረጃ ነገር ነው።

ጓሳ ላይ እያለን ሥርዓተ ምህዳርን ልጥቀስ፤ ይህ ሕይወት ያለውንና የሌለውን፣ አፈሩን፣ ውሃውን፣ ብርዱን አንድ ላይ የሚይዝ ደረጃ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የጓሳ ሣር ዝናቡንና ጉሙን ይዞ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ከታች ያሉት ወንዞች በጋውን የሚሻገሩት በዚህ ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ይህን ያወቁት ሥርዓተ ምህዳር የሚባል ቃል ሳይኖር ነው። ከጥንቶቹ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ባለ መብቶች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ጓሳውን በጋራ የማስተዳደር ሥርዓት፣ በአባ ቄራ እየተመሩ፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩትና ሲደርስ ይከፍቱት ነበር። ቄሮው በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፤ ኋላ ነዋሪው ራሱ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። መጽሐፎቻችን በሥርዓተ ምህዳር ሥዕል ላይ ሰውን እምብዛም አይሥሉም። የጓሳን ሣር ርዝመት የወሰነው ግን ዝናቡ ብቻ አልነበረም፤ የሽማግሌዎቹ ውሳኔም ነበረበት።

ባዮስፌርን፣ ማለትም ሕይወት ያለበትን የምድር ክፍል ሁሉ፣ በአንድ ነገር ልለፈው። በበግዎ ጨጓራ ውስጥ ሚቴን ጋዝ የሚሠሩ ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረታት አሉ። ጋዙን በጊቱ ታገሳዋለች፤ የዓለምን አየር ከሚያሞቁት ጋዞች አንዱ ነው። ከአንድ ህዋስ እስከ መላው የምድር አየር ድረስ፣ በአንዲት ግሳት።

ወደ እማማ በጎች ልመለስ፤ ታሪኩ ገና አላለቀም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ «እማማ፣ የሚግጡት የት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። «ከቤታችን በታች ጨፌ አለ፤ በጋም አይደርቅ፣ ሣሩ ሁሌ አረንጓዴ ነው» አሉ። አብረን ወረድን። ጨፌው ጠርዝ ላይ፣ ጭቃው ከውሃው በሚገናኝበት፣ ከአተር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ቡናማ ቀንድ አውጣዎች በሣሩ ግርጌ ተጣብቀዋል። የጉበት ትሉ እንቁላል በበጊቱ በጠጥ ይወጣል፤ አንዱ ትል ብቻ በቀን ከ20,000 በላይ እንቁላል ሊጥል ይችላል። ውሃ ካገኘና ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው በአንድ ቀን ውስጥ ያቺን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል፤ ካገኘ ግን በውስጧ ተባዝቶ በመቶዎች ሆኖ ይወጣና ሣር ላይ ይጣበቃል። በጊቱ ሣሩን ስትግጥ ትውጠዋለች፤ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሲሞላው እንቁላል መጣል ይጀምራል። ሦስት ወር! እማማ የተመለሱት ለዚህ ነበር። በዚያ ላይ የሰጠሁት አልቤንዳዞል አዋቂውን ትል ይገድላል እንጂ በጉበት ሥጋ ውስጥ የሚጓዘውን ልጅ ትል አይገድልም፤ ሁለቱንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው።

ያን ጊዜ ከእማማና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያደረግነው ይህ ነው። በጎቹ በሙሉ፣ ያበጡትም ያላበጡትም፣ አብረው መድኃኒት ወሰዱ። ከምንጩ ውሃ በቦይ ተስቦ ደረቅ ቦታ ላይ ገንዳ ተሠራ። ጨፌው በእሾህ ታጠረ፤ ሣሩ እየታጨደ ፀሐይ ላይ በደንብ እንዲደርቅ ተደረገ። አንዱ ጎረቤት መጀመሪያ ተቃውመው ነበር፤ በበጋ አረንጓዴ ሣር መዝጋት ለማን ይቀላል? ኋላ የጓሳን ቄሮ ያነሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ «አባቶቻችን ስንቱን ጋሻ ዘግተው የለ፣ እኛ አንዲት ጨፌ ያቅተን?» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ያቺ በግ መንታ ወለደች።

አሁን ለልጅዎ። ዝርዝሩን መሸምደዷን አትተው፤ ፈተናው ይጠይቃታል። ግን በእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ስለ አንድ በግ አንድ ጥያቄ ትጻፍ። ጥያቄው ከዚያ ደረጃ ላይ ብቻ የሚመለስ ይሁን። «ደሟ ለምን ቀይ ሆነ?» ሞለኪውል ጋ ይሄዳል። «ለምን ማታ አበጠች?» ዘአካል ጋ። «ለምን ግልገሎቻችን ከአምናው አነሱ?» ፖፑሌሽን ጋ። «ለምን የእኛ በጎች ታመው የላይ ሰፈር በጎች ዳኑ?» ሥርዓተ ምህዳር ጋ። ጥያቄውን የት እንደምታስቀምጥ ግራ የገባት ቦታ ካለ ለእርስዎ ትንገርዎትና ይጻፉልኝ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩው ጥያቄ እዚያ ነው ያለው።

ለበዓል በግ ሲያርዱ ደግሞ ጉበቱን ከመከተፍዎ በፊት ለእሷ ይስጧት። የሐሞት ቱቦዎቹን በቢላ ጫፍ ትሰንጥቃቸው። ጤነኛ ከሆነ ቱቦው ስስ ነው፣ አረንጓዴ ቢጫ ሐሞት ይፈሳል። ነጭና ወፍራም ከሆነ ጫን ትበለው፤ ቅጠል የመሰለ ነገር እየተንፏቀቀ ሊወጣ ይችላል። ያ ከወጣ ጉበቱን ጥሬ እንዳትበሉ፣ ለውሻም እንዳይጣል። ከዚያ ይዛችኋት ውረዱና በጎቹ ውሃ የሚጠጡበትን ቦታ አሳዩዋት፤ ቀንድ አውጣዋን ትፈልግ።